ያለጊዜው ጭብጨባ

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር፣
አይጥ ጫፉን የቀመሰው አንድ ጥቅል የቴፕ ክር፤
ነዚፍ አጽድቶ፣ ገልብጦ፣ ፍላሽ ላይ አስፍሮ
ቤቴ ድረስ አመጣልኝ፣ የአዌቱን ድልድይ ተሻግሮ።
«እማማ ረውዳ፣ የሐሙስ ማታው!» አለኝ። እኔ ምኑን ልመን?
የሐሙስ ማታ ይሰማ ነበር እንጂ ይቀመጥ ነበር እንዴ ያን ዘመን?
በቀጥታ ነዋ፤ ከአፍ ወጥቶ በየሻይ ቤቱ የሚወድቅ፣
የሳተው እንደሳተ፣ ያስነጠሰው እንዳስነጠሰ፣
ሳቂውም ቀልዱ ሳያልቅ ሲስቅ።

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው።
ከሰላምታው በፊት፣ ከክራሩ በፊት፣ በአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ
ሃምሳ ዓመት ተጠቅልሎ ያላባራ የጅማ ሰማይ።
ቀጥሎ ጋሽ ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ሰቃ! አጋሮ! ዴዶ! ሰርቦ! እንዴት አመሻችሁ?» ሲል
ሳሎኔ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ «አልሐምዱሊላህ» ስል
ነዚፍ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ።

ዲንካ ነፊዎቹ ከዳውሮ ናቸው፤ ቀርከሃው ከበሩ በልጦ
እነሱ በረንዳው ላይ፣ ጫፉ በመስኮት ሾልኮ ገብቶ
ዝናቡን እየተሻሙ ነፉ።
ዲንሴ ክራሯን ስትቃኝ፣ ሕዝቡ ቅኝቱን ዘፈን መስሎት
አጨበጨበላት፤ እጅ ነሳች፤ ምን ቸግሯት!
የሊሙው ቀልደኛ ስለ ቀረጥ ሰብሳቢውና ስለ በቅሎው አወራ፤
አዳራሹ ስቆ ሲያበቃ፣ አንድ ሳቅ ዘግይቶ፣ ከበሩ በኩል፣
እንደ ባዶ በርሜል ተንከባለለ።
ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።
አባ መጫ። ዘበኛው። አባቴ።

ባይነሳኝ ማሲንቆውን ገዘገዘ፦
«ጊቤን ተሻገርኩት ውሃው ሳይነካኝ፣
ምነው ያንቺ ደጃፍ...»
«...የታጠበ ቡና፣ አንደኛ ደረጃ፣ በፈረሱላ...»

ደረቅ ድምፅ። ክር የጠፋ ጊዜ በክሩ ላይ ሌላ ቀድተውበታል፤
የሳምንቱን ዋጋ፣ አራት ደቂቃ፣ ከጀንፈል እስከ ቅሽር።

ቡናው የጋረደውን እኔ አውቃለሁ።
እዚያ ላይ ነው የማሲንቆው ጭራ የተበጠሰው።
ዝም።
በራዲዮ ዝም ማለት ሞተ ማለት ነው፤
አጋሮ ያለው ራዲዮኑን በጥፊ ይመታል፣
ሰቃ ያለው ባትሪውን አውጥቶ ይልሳል።
የእኔ ሥራ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ ነጭ መሐረቡን ሲያነሳ
ከሰው ቀድሞ ማጨብጨብ ነበር፤ በሐሙስ አሥር ሳንቲም።
መሐረቡ አልተነሳም።
እጆቼ ተነሱ።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሮጥኩ።
ከጓሮው እንሰት ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ።
ማታ ትራሴ ሥር ሃያ ሳንቲም አገኘሁ፤
የአባቴ ሐዘኔታ መስሎኝ በነጋታው ለራሱ ስኳር ገዛሁበት።
ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት፣ ስልክ ቤት ተቀምጬ፣
የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ስቀጥል፣
በሰርግ እንኳ ሌላው ሳይጀምር አጨብጭቤ አላውቅም።

ቡናው አለቀ። ክሩ ተንኮሻኮሸ።
ከዚያ አንዲት ጫጩት ክንፏን የምታራግፍ ያህል፣
ቀጭን ጭብጨባ፤ ሁለት መዳፍ፣ የዘጠኝ ዓመት።
ከዚያ ሌላ ሰው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ዝናቡን አስረስቶ።
ከዚያ እሱ፦ «ማናት? የአባ መጫ ልጅ? ኧረ ወጣች! ጥሯት እንጂ!
ከጉድጓድ ያወጣችን እሷ አይደለችም? አሥሩ ሃያ ይሁንላት!»
በሩ ሲከፈት ዝናቡ ገነነ።
በዝናቡ ውስጥ፣ ከማይክራፎኑ ርቆ፣
«ረውዳ! ረውዳ!»
እንሰቱ ጋ ሳይደርስ።

«ደጃፏ ምን ሆነ?» አለኝ ነዚፍ፣ «ሁለተኛው ስንኝ ማለቴ?»
እኔንጃ። ብሎት ይሁን ሳይለው፣ ቡናው ላዩ ላይ ተኝቷል።
«እሺ፣ ከየት ልመልሰው?»
ከበሩ፣ አልኩት። ሲከፈት።
ድምፁንም ጨምረው፤ ዝናቡን አትቀንስ።