ጭብጥ

ብሩክስ፣ ሥጋ ፋብሪካ፣ ከመስመሩ ዳር፣
ኒዛም በግራዬ፣ እኔም ከሱ ጋር፣
መጋዙ ሲያፏጭ፣ ሰንሰለት ሲያጓራ፣
ጆሯችን በላስቲክ ተደፍኖ ስንሠራ፣
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጎን ለጎን ስንቆም፣
ያወራነው ሁሉ በእጅ ነው፣ በአገጭ፤ በአፍ አይደለም።

የኔ ሥራ አንድ ነው፤ ስብ መግፈፍ።
ትከሻ ይመጣል፣ እገፍፋለሁ፣ ያልፋል፤
ከበሬው ሌላውን ማን አይቶት ያውቀዋል?

አንድ ሐሙስ ማታ፣ መስመሩ ሲያዘግም፣
ኒዛም በጓንቱ አየር ጠቅልሎ፣ ዘንግ ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤
"ኬባብ" አለ ከንፈሩ። አነበብኩት። ራበኝ።
እንዴት? አልኩት በቅንድቤ።

ጣቱን በጣቱ ላይ ፈተገ፤ ቅመም ነው።
አፍንጫውን ነካ፤ የታመሰ ከሙን።
ዓይኑን አሸት አሸት፤ ሽንኩርት፣ ይሄስ ገባኝ።
ምላሱን አራገበ፤ ቃሪያ፣ ግን በልኩ።
ከዚያ ጨበጠ። ጠበቅ፣ ላላ። ደግሞ ጨበጠ።
ሦስት ጊዜ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።
ሥጋውን እሸው ማለቱ ነው ብዬ
ራሴን ነቀነቅሁ፣ ሁሉን እንዳወቀ።

ቅዳሜ አንድ ኪሎ የተፈጨ ገዛሁ፤
ድንብላል ወቀጥኩ፣ ዝንጅብል ፋቅሁ፣
ሽንኩርቱን ፈጭቼ ከነውሃው ለወስኩ፣
ከዚያ እንደ ኒዛም እጅ ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጨበጥኩ፣
ክንዴ እስኪዝል ድረስ።
ያለጓንት ሥጋ ስነካ ስንት ጊዜዬ ነው!
ፋብሪካ ውስጥ በረዶ ነው፤ እዚህ መዳፌ ውስጥ ሞቀ፤
የማውቀው ትከሻ፣ የማላውቀው በሬ፣ አንድ ላይ ደቀቀ።

በረንዳው ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አንድ።
የጋዝ ማንደጃውን ለኩሼ፣ ዘንጎቹን አጋደምኩ።
ትንሽ ቆየ። ከዚያ
ጠብ።
ደግሞ ጠብ።
አምስቱም ዘንግ ራቁቱን ቀረ።
ደባሌ ሽብሩ አንገቱን በበር ብቅ አድርጎ፣
"ኬባብ ነው ያልከኝ? ይሄማ የሕንድ ፍርፍር ነው!"
በዳቦ በላነው።
ያ ተሳዳቢ ሁለቴ ጨመረ።

ሰኞ፣ ለኒዛም ዘንጉን አሳየሁት፣ ቀጥሎም ወለሉን።
ሳቀ። ትከሻው ሲስቅ አየሁ፤ ድምፁን መጋዙ በላው።
ዓይኑን አሸ፣ ጨበጠ። ዓይኑን አሸ፣ ጨበጠ።
ከጡጫው ሥር በሌላው ጣቱ
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ቆጠረ።

ለካስ ሽንኩርቱን!
ሥጋ አልነበረም ጭብጡ፤
ውሃው ነበር፣ መውጣቱ።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ጨመቅሁት፤
የራሴን እንባ ጨምሮ አንድ ስኒ ሞላ።
አሁንም ላላ ሲልብኝ፣ ቁምሳጥን ከፍቼ፣
የሽብሩን ነጭ ሽሮ፣ ያው ሽምብራ አይደል፣
ሁለት ማንኪያ ሰረቅሁ።
እጄን በውሃ ነክሬ፣ ዘንጉ ላይ በጣቶቼ ጫን ጫን አድርጌ፣
እሳቱ ላይ አኖርኩት። ትንፋሼን ዋጥኩ።
ያዘ።
ሕፃን የሰው ጣት እንደሚይዝ፣ ብረቱን ያዘ።
ስቡ ብቻ እየጮኸ ወረደ።

በማግስቱ ሰኞ፣ በምሳ ክፍል፣ ላስቲኩን ከጆሯችን አውጥተን፣
ፎይሉን ፈታሁለት።
ዝምታው ከበደን። ማውራት ስንችል አፈርን።
"ላክናው" አለ በድምፁ፤ የከተማው ስም ነው፤ ድምፁ ቀጭን ኖሯል።
ኬባቡን ቆረሰ፣ አኘከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣
ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ፣ እፍ አለበት ቀስ ብሎ፣
አጠፈው፣ ከደረቱም ሳያደርስ አወረደው።

ይህን ምልክት ከዚህ በፊት አላየሁም።
ፍቺውን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ደወሉ ጮኸ።

ትከሻ መጣ። ገፈፍኩ። አለፈ።
ትከሻ መጣ።
በጎን ዓይኔ እጁን አየሁት፤
ቢላ ይዟል።