ጭረት በመቃን ላይ

ጀልባዋ አወረደችኝ ከሂዩማ ዳርቻ፣
ሰማዩም ባሕሩም አንድ ዐይነት ግራጫ።
በትከሻዬ ሣጥን፣ በሣጥኑ በረዶ፣
ሜትር፣ መርፌ፣ መዝገብ፣ ሃያ ብልቃጥ ባዶ።

ኤንደል በሩን ከፈተ። ጨው የበላው እጁን
ሱሪው ላይ ጠራርጎ ጨበጠኝ፤ ሁለቱን
ልጆቹን ተጣራ።
ሲልቪ ከጓዳ ወጣች፣ ጉበኑን ፈርታ ጎንበስ ብላ፣
ታናሿ ሬት ቀና እንዳለች፣ ያለ ስጋት ተከትላ።
አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ሾርባ፣ አንድ አልጋ፤
ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሐላቸው የተዘረጋ።

ስሟን መዝገብ ላይ ስጽፍ ብዕሬ ቆመ በድንገት፤
በእኔ ቋንቋ መራራ ነው፣ ጡት ማስጣያ ነው ሬት።
«እዚህ ዕንቍ ማለት ነው» አለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣
ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ክንዷን ለመርፌዬ ሰጠች።
ሁለቱ ፊደል ያው ሁለት ናቸው፤
አንባቢው ነው የለያቸው።

«የቷ ፊደል ናት?» አለኝ ኤንደል፣ ብልቃጡ በቀይ ሲሞላ፣
«ያቺን ወደ ላይ የሳበች፣ ይቺን ያስቀረች ወደ ኋላ?
አሳዪኝ፤ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ ትንሽ ነገር ማየት ዐውቃለሁ።»

አንዲት አይደለችም ኤንደል። አሥር ሺህ ናት፣ ከዚያም በላይ፤
የእያንዳንዷ ድርሻ ከፀጉር የቀጠነ፣ በዐይን የማይታይ።
ጆንያ ስንዴ ዘርግፈህ፣
«ያከበደችው ፍሬ የቷ ናት?» ትላለህ ወይ?

ደግሞ ብዙዎቹ ከቃሉ ውስጥ የሉም።
ቃሉማ በሲልቪም በሬትም አልተዛነፈም።
ከዳር ናቸው፣ በኅዳጉ፣ ባዶ በሚመስለው ሜዳ፣
አንባቢውን ጠጋ ብለው የሚያንሾካሹኩ እንደ እንግዳ፦
እዚህ ጋ ጮክ በል፤ እዚህ ጋ ዝቅ፤
ይህን ገጽ እለፈው፤ ይህን ደግመህ ጠብቅ።

ለእርሱ አልነገርኩትም፣ ቋንቋው አልበቃኝም፤ ለእናንተ ግን ልንገር።
«ገና» ብዬ ብጽፍ፣ በዓሉ ነው? ወይስ ያልደረሰው ነገር?
«ዋና» ብልስ፣ ባሕርን በክንድ መሻገር፣
ወይስ የነገሩ ሁሉ ሥር?
ማጥበቅና ማላላቱ በቀለም አልተጻፈ፣
ስንቱ ትርጉም በአንባቢው ምላስ ላይ ብቻ አለፈ።
ሥጋም እንዲሁ ነው፤ ያው መጽሐፍ በልብ ይነበባል፣
ጉበት የሚያነሣውን ገጽ ልብ ሳይገልጠው ያልፋል፤
አጥንትም በልጅነቱ ሲደጋግመው የኖረውን ምዕራፍ
አንድ ቀን ይከድነዋል፣ ሳይናገር፣ ያለ ደወል፣ ያለ ሰልፍ።

እናታቸው የታመመችበት ያ ረጅም ክረምት፣
ሬት ማንኪያዋን ሳታነሣ ሾርባው የቀዘቀዘበት፣
እርሱስ በየትኛው ኅዳግ ተጻፈ?
አላውቅም።

ኤንደል ዝም ብሎ ሰማኝ። ያመነኝ አይመስለኝም።
ከዚያ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ ወደ ጓዳው በር፤
በመቃኑ በግራና በቀኝ የእርሳስ ጭረት፣ በየልደቱ የተሰመረ፣ እንደ መሰላል ይወጣ ነበር።
ልጆቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«የሬትን ስለካ» አለ፣ «ሁልጊዜ እጨምር ነበር፤
ይቺን ታህል።» የእርሳሱን ጫፍ በጥፍሩ ለክቶ አሳየኝ።
«እንዳይከፋት። ከእናቷ ወዲህ። አሥራ አንድ ልደት፣ አሥራ አንድ ጭረት።»

ሜትሬን ዘረጋሁ። ሬት ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ተደገፈች፣
ተረከዟን ሳታነሣ አገጯን ቀና አደረገች።
መቶ ሃምሳ ሦስት።
ከመቃኑ ጭረት ዝቅ ይላል፣ በአንድ ፀጉር፣ ቢበዛ በሁለት።
መዝገቤ ላይ እውነቱን ጻፍኩ፤
መቃኑን አልነካሁት።

ጀልባዋ ስትጮኽ ብልቃጧን በረዶ ውስጥ አጋደምኳት፤
ክዳኑ ላይ «ሬት» ይላል።
ዕንቍ ብዬ ነው ያነበብኩት።