የጓዳው ግድግዳ

ሦስት ዓመት ቀባነው፣ ሦስት ዓመት አበጠ፤
ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሻጋታ አፈጠጠ።
ብርድ ነው ስንል ኖርን፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ፤
ለካ ከውስጥ ኖሯል፣ ያውም የኛው ምንጭ።

ሽማግሌው ዘርጋው ጆሮውን ለጠፈ፤
«እዚህ ጋ ነው» አለኝ፣ መዶሻ አሳረፈ፤
ልስኑ ረገፈ።

ጎሚቶው ዝጓል፤ ጠብ ይላል በጓዳ።
ብሎኬቱ ላይ ግን፣ ከእርጥቡ ግድግዳ፣
በእርሳስ፣ በአባቴ እጅ፣ የቆየ ዕዳ፦

«ሲሚንቶ አራት ኩንታል፣ አሸዋ፣ ጠጠር፤
ለዘርጋው፣ ለቧንቧው፣ ቀሪ ሠላሳ ብር።»

አነበበው ዘርጋው፣ መነጽሩን ጠረገ፤
አልሳቀም፣ አልከፋው፣ ፒንሳውን ፈለገ።

ቦርሳዬን ስከፍት፣ «የዛሬውን» አለኝ፤
«ያ የአባትሽ ነው። እስከ ጥር አትለስኚ።»

ጥር ገባ፣ ደረቀ። ጄሶ በጠበጥኩ።
ሁሉን ሸፍኜ፣ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ
ቆምኩ።