ዘር ቆጠራ

ከጮቄ ጥግ፣ ከአስታው በታች፣ ቀጋና ቁጥቋጦ ካለበት፣
ሁለት ዘመዳሞች ሰባት ዓመት ሙሉ የተሟገቱበት፣
ለበሬ የማይሆን፣ ለጤፍ የማይመች፣ ድንጋይ የበዛበት፣
አንድ ስንዝር ጫካ።
በኅዳር መጨረሻ ቢሮው እኔን ላከኝ፣ ሄጄ እንድለካ።

እንየው ቀረበ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣
ዘሩን ይቆጥር ጀመር፣ ከቅድመ አያት ተነሥቶ፦
«ቢተው ደስታን ወለደ፣ ደስታ ካሣን፣
ካሣ እኔን። ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል የዚህን ወሰን?»
ሽባባው ሳቀበት፦ «የደስታን ታላቅስ፣ እሷን ለምን ዘለልክ?
ሴት ብትሆን ጊዜ ነው ከቁጥር ያጎደልክ?»

ሽማግሎቹ ዝም። እኔ ገመዴን ዘርግቼ፣
ከቀጋው እስከ ኮሶው ዳገቱን ወጣሁት፣ እሾሁን ገፍቼ።
«በመስከረም መጥተህ ቢሆን» አለኝ ችካል ተሸካሚው፣
«ቢጫ ነው ይህ ሁሉ፤ አይለይም የእንየው ከሽባባው።»
አሁን ግን ደርቋል። አገዳው ከስቶ፣ አበባው ረግፎ፣
በየጫፉ ጥቁር መርፌ እንደ ጃርት እሾህ ተሰልፎ፣
ባለፈ ባገደመው ላይ የሚንጠለጠል፤
በክረምት በቅሎ በኅዳር የሚሞት፣ አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ቅጠል፤
የማን ነህ ቢሉት አባቱን የማይጠራ፣
በእንየው ሱሪ ተሳፍሮ ሽባባው ደጅ የሚዘራ።

ማንም አልፈረመ። ችካሉን ተክዬ፣ ቁጥሩን መዝግቤ፣
ደብረ ማርቆስ ገባሁ ማታ፣ በጭነት መኪና፣ ተርቤ።
ይርገዱ ከበር ሳቀች፦ «ምን ለብሰህ ነው የመጣኸው?
ሱሪህ ጢም አበቀለ! ቁም፣ እንዳትገባ፣ ጭጎጎት ነው።»
ተንበርክካ ትነቅል ጀመር።

ልጅ የለንም እኛ። አሥራ አንድ ዓመታችን።
ዘር መቁጠር የሚባል ወሬ አይነሣም ቤታችን።
እሷ ግን በጣቷ፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ቆጠረች፣
መቶ ስድስት ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረች።
እሳት ውስጥ የምትጥለው መስሎኝ ነበር።
በመዳፏ ጨብጣ ወጣች፣ በጨለማው፣ ወደ አጥር።

መስከረም ጠባ።
የእነእንየው መዝገብ ዛሬም በቀጠሮ ይመላለሳል፤
የተከልኩት ችካል ተነቅሎ ነዷል አሉ፤ ጭሱን ማን ይከሳል?
እኛ አጥር ሥር ግን፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ፣
ቢጫ ፈነዳ፣ ያልሰፈረ በየትም መዝገብ።
ጠዋት ጠዋት ይርገዱ ጥርሷን እየፋቀች ትቆማለች ከፊቱ፣
«ስንት ካሬ ይሆናል» ትለኛለች፣ «ርስቱ?»

ገመዱ ቢሮ ነው፣ እላታለሁ።