ከዚህ እስከ አጥሩ

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ጭቃ ጠጥታለች፣
የበቅሎውን ኮቴ ድምፁን ሰልቅጣለች።
አባ ፎጊ ደጃፍ ቆሜያለሁ በዝናብ፣
ሁለት ጠመንጃ ይዤ፣ ባንድ ድኩላ ሰበብ።

አንዱ ያባቴ ነው፤ ምኒሽር፣ የወዛ፤
ሌላው ያጎቴ ውጅግራ፣ ዝገቱ የበዛ፣
ሰደፉ በጠፍር ሁለት ቦታ ታስሮ፣
ለሠርግ የማይወጣ፣ ካልጋ ሥር ታጉሮ።

«ለምኒሽሩ» አልኩኝ፣ «አምስት ፍሬ ስጡኝ»፣
ብሬን ከመሐረብ ጥግ ፈታሁ፣ ቆጠርኩኝ።

አባ ፎጊ ግን ጥይት ሲሸጡ አይቸኩሉም።
መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው አስረው፣
የቆርቆሮ ሣጥን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው፣
ሁለት ፍሬ አወጡ። ጎን ለጎን አቆሙ፦
አንዱ እንደ ወስፌ ነው፣ ቀጭን ረጅሙ፤
አንዱ ወፍራም፣ አጭር፣ አረሩ የጠቆረ፣
የአውራ ጣት ቁመና፣ እምብዛም ያላማረ።

«ድኩላው የት ይውላል?»
«በለጠ ጫካ ዳር፣ ከባቄላው ማሳ።»
«መቼ ነው የሚወጣ?»
«ጎህ ሲቀድ፣ ጉም ሳይነሣ።»
«ስታየው ስንት ይርቃል?»
በእጄ አመለከትኩ፦ «ከዚህ እስከ አጥሩ፤
ሠላሳ እርምጃ ነው፣ በዝተው ቢቆጠሩ።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ላይ የጫት አረንጓዴ ቀርቷል።
«እስከ አጥር ለሚቆም፣ አጋሮ የሚገባ ጥይት ምን ይሠራል?
ይህ ቀጭኑ፣ ልጄ፣ የሜዳ መንገደኛ፣
ከጊቤ ማዶ ነው የሚሆን ጓደኛ።
ቅርብ ስትተኩሰው፣ ሥጋ መንካቱን ሳያውቅ ያልፋል፤
ድኩላህ ሁለት ቀዳዳ ይዞ ሮጦ፣ ገደል ገብቶ ይሞታል፤
ጅብ ይበላልሃል።
እሱስ ይሁን። ጥይቱ ግን ወጥቶ የት ያርፋል?
ከአጥሩ ወዲያ ማን አለ?»

ዝም አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ የእነ ሙፊዳ ምንጭ አለ፤
ጎህ ሲቀድ፣ እንስራ ያዘለ፣
እግሩ ሥር እያየ ቁልቁል የሚወርድ አለ።

«ይሄ ወፍራሙ ግን ሰነፍ ነው፤ የለየለት ሰነፍ፣
እንደ ደከመ እንግዳ፣ ቤት ሲያገኝ የሚያርፍ።
የቡና ቅጠል ቢነካ አይደነብርብህም።
ቢላህም ይደርሳል፤
ቢስሚላህ እስክትል ትንፋሹ ይቆይሃል።»

«ጭሱስ?» አልኩ።
«ጭሱን ታገሠው። ጭስ ያልታገሠ አዳኝ አይባልም።»

ሁለት ፍሬ ሰጡኝ። «ሦስተኛስ?» ብላቸው፣
«ሦስተኛ ካሻህ አትሂድ» ብለው ዘጉ ሣጥናቸው።

*

እሑድ። ጉሙ በቡናው ሥር በሆዱ ይሳባል።
ድኩላው ወጣ፤ ባቄላ ያሸታል፣
ታፋው ላይ ነጭ ነጥብ፣ ወፍጮ ቤት ያደረ ይመስላል።
ሃያ ሁለት እርምጃ (በኋላ ነው የቆጠርኩት)።

ውጅግራው ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ፤
ጭሱ የገዛ እጄን ሳይቀር ከዓይኔ ነጠቀኝ።
ወደቀ? ሮጠ? አላውቅም።
ዲን ዲን የሚል አየር እየዋጥኩ ቆምኩ።

ያኔ ከምንጩ በኩል አንዲት ሴት ጮኻ ተሳደበች፤
ያስደነገጣትን፣ እናቱን ጭምር፣ አንድ በአንድ እያነሣች።
ስድብ እንደዚያን ለት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ጭሱ ሲገለጥ፣ ባቄላው ላይ ተኝቷል፤
ዓይኑ ገና ያየኛል።
ቢላዬ ደረሰ። ቢስሚላህ ያልኩት ግን፣ ድምፅ ያልወጣልኝ፣
ለእሱ ይሁን ለእኔ፣ እስካሁን አልገባኝ።

ስንገፈው፣ በወዲያኛው ጎን፣ ከቆዳው በታች፣
አረሩ ቁጭ ብሏል፤
እንደ ጅብ ጥላ አናቱን ዘርግቶ፣ ገና ይሞቃል።

*

ሐሙስ ወሰድኩላቸው።
በወርቅ ሚዛናቸው፣ ካልተተኮሰ አረር ጋር አስቀመጡት።
ሚዛኑ አዘነበለ።
«ጎድሏል» አሉ፤ «የጎደለው የት አለ?»

በምላሴ የተሸረፈች መንጋጋዬን ዳሰስኩ፤
«እሱንማ» አልኩ፣ «እራት ላይ ነከስኩ።»