ከመሀል ወዲህ

ሰኔ ገባ ጅማ፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
የአዌቱ ጉም ወጥቶ መስኮቱን ይልሳል።
እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፣ የብልቃጥ አጣቢ፣
ሰውነቴ ከባድ፣ እርምጃዬ አሳቢ።
መምህርት ነጂሃ፣ ቀጭን እንደ ጠመኔ፣
ደረጃውን ሦስት ሦስት ዘልላ ትደርሳለች ከእኔ።

ክንድ ተኩል ቱቦ፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ፣
ሁለት በርጩማ ላይ ተጋድሟል ተጠንቅቆ።
በግራ ጫፉ ጥጥ፣ አሞኒያ የጠጣ፣
በቀኙም ሌላ ጥጥ፣ ከአሲዱ የወጣ።
ግራውን እሷ ያዘች፤ ቀኙ ለእኔ ደረሰ።

«ይሄ ዐሥራ ሰባት፣ ያኛው ሠላሳ ስድስት ተኩል፤
ሙቀታቸው አንድ ነው፣ ጉልበታቸውም እኩል።
እስቲ፣ ማን ይቀድማል?»
ፈትሁዲን ከኋላ፣ የባጃጅ ነጂው ልጅ፣
«ከባዱ ነዋ!» አለ፤ «ሲኖትራክ ሲመጣ አባቴ ይገባል ከሰው ደጅ።»

ክፍሉ ሳቀ። ጠበቅን።
ጉሙም እንደኛው ቆሞ በመስኮት ይጠብቃል፤
በብርድ ያለ እንፋሎት እግሩን ይጎትታል።
ከዚያ፣ ከመሀል ወዲህ፣ ወደ እኔ ጫፍ ቀርቦ፣
ነጭ ቀለበት ታየ፣ ጢስ በጢስ ተከቦ።
ቀላሉ ሩቅ መጣ፣ ከባዱ ቅርብ ቀረ፤
ፈትሁዲን ዝም ብሎ በስንዝር ቆጠረ።
«ልፋቱ አንድ ነው» አለች፤ «ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤
አራት እጥፍ የከበደ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፣ ያዙት በልባችሁ።»

ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣ ከጅሬን በላይ፤
በሌላ ቱቦ ደገምነው፤ ቀለበቱ ቀደም አለ ስናይ።
ጥቂት ብቻ። ለእኛ
የጠዋቱ ጋቢ፣ የቀትሩ ሸሚዝ ነው፤
በኬልቪን ለሚቆጥሩት ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው።
ቦታውስ? ቦታው ያው። ሁለቱም እኩል ሞቁ፣
ሁለቱም ፈጠኑ፤ ያው ከመሀል ወዲህ ተዋወቁ።

አራት ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች መጪ፣
ከፈረንጅ አራዳ፣ ዝናብ በዝናብ፣
ቁልፍ ጠያቂ፣ ቁልፍ መላሽ፣ ሰላምታ ሰጪ።
መንገዱን ጨርሳ ትቆማለች፣ እኔ ስነሣ ከወንበሬ፣
«እንደምን አደርሽ» ገና ሳይወጣ ከከንፈሬ።
ሰነፍ ነው የሚሉኝ አሉ። ራሴም እላለሁ።

ማታ ዕቃ ሳጥብ ቱቦውን አነሣሁ፤
ያ ነጭ ቀለበት ውሃ ከነካው ይሟሟል፤ አውቃለሁ።
በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርሁ።
ሰኞ አጥበዋለሁ።
ከዚያ በፊት ግን፣ ጠዋት፣
ከደረጃው ሦስት ወረድ ብዬ እጠብቃለሁ።