እጅ ነው!

ክላድኖ ከተማ፣ ብረት በሚቀልጥበት፣
ነጭ ልብስ ሲሰጣ ጥቀርሻ በሚዘንብበት፣
እሁድ ከሰዓት ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር
ኦታካር ዜሌንካ፣ ከኳስ ሜዳው በር።
በጥርሱ ነው ታዲያ። ግራ እጁን ገና ድሮ
በአሥራ አራት ዓመቱ ለማሽን ገብሮ፣
በቀረችው ቀኙ ሳንቲም እየቆጠረ፣
አጥር ዘላይ ልጆች እየተቆጣጠረ።

«ቆብህን አውልቅ» አለኝ አባቴ አንድ እሁድ፣
«ይኸ ሰው ሲመጣ ነበር በረኛ የሚርድ።»

ያኔ ማለት እንግዲህ፣ ኳስ ከቆዳ ተሰፍቶ
እንደ ድንጋይ ሲከብድ፣ ዝናቡን ጠጥቶ፣
በቴስታ ለገጨው የማሰሪያው ክሩ
እስከ ሰኞ ድረስ ታትሞ ከግንባሩ።

መጀመሪያ ሰሞን ሲታጠፍ ይወድቃል፤
ባንድ ወገን ጭነት ምን በቅሎ ይዘልቃል!
እናቱ ጨነቃት። አሮጌ ጓንት ሰፍታ፣
ግማሹን በአሸዋ፣ ግማሹን በሱፍ ሞልታ፣
ካጭሩ ክንዱ ጫፍ አሰረችለትና
አካሉ ሚዛኑን አገኘ፣ ተቃና።
ውርወራ ሲሆን ብቻ ይሸሻል ከዳሩ፤
«በሁለት እጅ» ይላል፣ ሕግ ነው ነገሩ።

ሰባት ዓመት ሙሉ እያገባ ኖረ፤
ሁለት ዋንጫ በላ።
መብላትስ በቀኝ ነው፣ ቀኙ መች ተቸገረ!

አባቴ ሦስተኛዋን ሲያወራ ይመሻል፣
ማንኪያው ባየር ቀርቶ ሾርባው ይረሳል።
ፕራግ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሊያልቅ ነው ሰዓቱ፣
አንድ ለአንድ። ኳሷ ነጥራ አረፈች ከጓንቱ፣
ከጓንቱም መረብ ውስጥ።
ፊሽካ። «እጅ ነው!» አለ ዳኛው።
«የቱ እጅ?» አለ ሕዝቡ፣ ከኋለኛው ወንበር እስከ ፊተኛው።

ኦታካር ሳይሳደብ ወደ ዳኛው ሄደና፣
የጓንቱን ማሰሪያ በጥርሱ ፈታና፣
ከመዳፉ አኖረለት፦ «እንካ፣ ያንተ ትሁን።
እጅ ናት ካልካትማ አጨብጭብባት አሁን።»

አሸዋዋ ፈሰሰች በዳኛው ጣት መሐል።
ፍርዱ ግን አልዞረም፤ ፍርድ መቼ ይዞራል!
ተሸነፉ። አባቴ ሁልጊዜ እንደሚለው፣
ኦታካር በዕድሜው እጅ የሰጠው ያኔ ነው።

ጎል ገብቶ ሜዳው ውስጥ ጭብጨባው ሲቀልጥ፣
እሱ ከውጭ ሆኖ በሩን ሲቀጠቅጥ፣
«አንድ እጅ አያጨበጭብም» ማነው ያለ?
ቆርቆሮው ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማ የለ!

ልጅነት ነውና አንድ ቀን ደፈርኩት፤
«ፕራግ ላይ… የእውነት እጅ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።
አየኝ። ረጅም ነገር መለሰልኝ ሳይቸገር።
አልሰማሁም፤
ትኬቴ በጥርሱ መሐል ነበር።